የተዘረጋው እጅ

አንድ ሰው ነበር። መስማት የተሳናቸው ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ያስተምራል። እሑድ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ከመድረኩ በስተግራ ቆሞ ስብከቱን በምልክት ቋንቋ ይተረጉማል። ፊት ለፊቱ በሁለት አግዳሚ ወንበሮች ዐሥራ አንድ ሰዎች ይቀመጣሉ። ለእነርሱ ስብከት ማለት የዚህ ሰው ጣቶች ናቸው።

አንድ ቀን መዳፉ ላይ፣ ከቀለበት ጣቱ ሥር፣ ጠጠር የመሰለ እብጠት አገኘ። አያምም። ሥራ ያመጣው መስሎት ተወው። ዓመት ሳይሞላ እብጠቱ ሁለት ሆነ፤ ከቆዳው ሥርም እንደ ሲባጎ የተወጠረ ነገር ወደ ጣቱ መውጣት ጀመረ። ቀድመው ያወቁት ተማሪዎቹ ናቸው። አንዱ ልጅ በምልክት፣ "መምህር፣ ዘንድሮ እጅህ ይንተባተባል" ብሎ አሾፈበት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እርሱም ሳቀ።

ሚስቱ አማረች ግን አልሳቀችም። ይዛው አዲስ አበባ ሄደች።

ሐኪሟ እጁን ጠረጴዛ ላይ እንዲዘረጋ ነገረችው። ዘረጋ። መዳፉ ከነጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ ልጥፍ አለ። በዚህ ደስ አላት። ካንሰር እንዳልሆነ፣ ከመዳፍ ቆዳ ሥር ያለው ሽፋን እየወፈረ የሚሄድበት ሕመም እንደሆነ፣ እየቆየም ጣቶችን ወደ ውስጥ እንደሚያጥፍ አስረዳችው። ገና በጅምሩ ከተደረሰበት አነስተኛ መጠን ያለው የጨረር ሕክምና ባለበት ሊያቆመው ይችላል አለችው። ዋስትና እንደሌለው አልደበቀችም። ከዚያ የተናገረችውን አማረች ቃል በቃል ይዛዋለች።

"እጅህ እንዲህ እስከተዘረጋ ድረስ ጊዜ አለህ። ጣትህ ከታጠፈ በኋላ ግን ጨረሩ አያቃናልህም።"

የጨረር መሣሪያ ጥቂት ነው፤ ወረፋው ብዙ ነው። የካንሰር ሕሙማን ይቀድማሉ፤ መቅደምም አለባቸው። ሰውየው ሰባት ወር ጠበቀ። በመጨረሻ ተደወለለት። ከሰኞ ጀምሮ ለአምስት ቀን ና ተባለ።

ከዚያ ሰኞ በፊት የነበረው እሑድ ግን የእኛ፣ የዚህ ጉባኤ ነው። እንጸልይልህ ብለን ወደ መድረክ አወጣነው። በጸሎቱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ሰው ወደ ሕክምና ሲሄድ ቢጸለይለት ምን ክፋት አለው? ከሽማግሌዎቻችን አንዱ፣ ጋሽ ኤርጫፎ፣ እጅ ጫነበት። ጸለይን። አሜን አልን።

ከአሜን በኋላስ? ልማዳችንን ታውቁታላችሁ። የተጸለየለት ሰው ሳይመሰክር አይወርድም። እኛም ለመስማት የምንፈቅደው ምስክርነት አንድ ዓይነት ብቻ ነው።

ማይክራፎን ሰጡት። ጋሽ ኤርጫፎ ምን እንደተሰማው ጠየቀው። ሰውየው ግራ ገባው፤ ሁላችንም ስንጠየቅ የምንለውን አለ፤ ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

"እስቲ እጅህን እዚህ ላይ ዘርጋው" አለ ጋሽ ኤርጫፎ።

በመድረኩ አትሮንስ ላይ ዘረጋው። ልጥፍ አለ። እልልታው ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ።

ስሙኝ። እጁ ትናንትም ይዘረጋ ነበር። ከሰባት ወር በፊት በሐኪሟ ጠረጴዛ ላይም ተዘርግቷል። እርሷ አይታው ገና ጊዜ አለህ ያለችውን እጅ፣ እኛ አይተን አልቋል፣ ድኗል ብለን አወጅን። ከመካከላችን "ለመሆኑ ከዚህ በፊት አይዘረጋም ነበር?" ብሎ የጠየቀ ማን ነው? አንድ ሰው። አንድ ሰው ብቻ ጥሩልኝ።

ማይክራፎን ስለያዘ በዚያን ሰዓት አልተረጎመም። ዐሥራ አንዱ ሰዎች የምንከፍተውን አፍ እያዩ ተቀመጡ። ሲወርድ ከእነርሱ አንዷ፣ ዳግማዊት፣ ምን ተባለ ብላ በእጇ ጠየቀችው። እርሱም በእጁ መለሰላት።

"ድነሃል አሉኝ። እብጠቱ ግን አለ።"

የዚያን ቀን አዳራሹ ውስጥ አራት መቶ ሰው ነበርን። እውነቱን የተነገራቸው የማይሰሙት ብቻ ናቸው። ለምን? በእኛ ቋንቋ ሊናገረው ስለፈራ። የፈራው እኛን ነው።

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ አማረች ሻንጣ ስታዘጋጅ እርሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቀረ። በአራት መቶ ሰው ፊት እጁን ዘርግቶ በነጋታው ሕክምና ሄደ ቢባል የጌታን ስም አሰድባለሁ አላት። ተከራከረችው። አለቀሰች። በመጨረሻ ጋሽ ኤርጫፎ ቤት ሄዳ፣ አንዲት ቃል፣ "ሂድ" የምትል ቃል ብቻ እንዲነግርላት ለመነችው። እርሱም በደግ ድምፅ መለሰላት።

"እህቴ፣ እግዚአብሔር የጨረሰውን ሰው ይጨምርበታል እንዴ? ጥርጣሬሽን ወደ ባልሽ አታጋቢ።"

ሰኞ አልሄደም። ማክሰኞም አልሄደም። ወረፋው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው። የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ወደ መዳፉ ታጥፈዋል። ቀዶ ሕክምና በመጠኑ ሊከፍታቸው ይችል ይሆናል፤ እንደ ቀድሞው ለመሆናቸው ግን ቃል የገባለት የለም። ከመድረኩ በስተግራ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ከዐሥራ አንዱ ሰዎች አራቱ ብቻ ይመጣሉ። ጣቶቹ ሲታጠፉስ እኛ ምን አልን? እምነቱ ጎድሎ ነው አልን። ጸሎታችንን ነጻ ለማውጣት ሰውየውን ከሰስን።

ይህን ስናገር እናንተን ብቻ እየወቀስኩ አይደለም። እኔም በዚያ እሑድ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ፤ እልል ብያለሁ። ጊዜው ያለፈበት የቀጠሮ ወረቀት በቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ስለዚያ ዛሬ አልናገርም። የምናገረው ስለ እናንተ ነው።

እናንተ የታመመ ሰው ስትጠይቁ ለምን "አሁን ደህና ነህ አይደል?" ትላላችሁ? መልሱን አፉ ውስጥ ከትታችሁለት ስታበቁ ጠየቅን ትላላችሁ? አልዳንኩም የሚል ሰው እዚህ መድረክ ላይ ቢቆም ታጨበጭቡለታላችሁ? ዝም ብላችሁ እንኳ ትሰሙታላችሁ? እግዚአብሔር የእኛን ውሸት የሚፈልግ ይመስላችኋል? ክብሩን ለመጠበቅ የአንድ አስተማሪ ጣት ያስፈልገዋል?

አያስፈልገውም። የፈለግነው እኛ ነን። እሑዳችን እንዲሞቅ።

ከመካከላችሁ ነገ ቀጠሮ ያለው ሰው አለ። ባለፈው ሳምንት እዚህ ቆሞ ድኛለሁ ያለ፣ ሌሊት ግን ሕመሙ የሚቀሰቅሰው ሰው አለ። እርሱን ነው የምለው። የአዲስ አበባው መኪና ከስምንት ሰዓት በፊት ይነሣል። ስብከቱ እስኪያልቅ አትጠብቅ። ተነሥ፣ ሂድ። አልቀየምህም፤ መናገሬንም አላቋርጥም። እርሱ ሲወጣ ዞር ብሎ የሚያይ ካለ ግን ከዚህ ሆኜ በስሙ እጠራዋለሁ።