አይጥ የገባበት እርከን

«አንድ ሰው ነበረ» አለች ሲስተር ዘርፌ። ከጠዋት ጀምሮ ቆማ ውላ፣ በመንግሥት ሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አሁን ገና መቀመጧ ነው። አጠገቧ ያሉት ጋሽ ጥጋቡ ልጃቸው ባይፖላር አለባት፤ አንዴ ሽቅብ፣ አንዴ ቁልቁል የሚወስድ ሕመም። የምትውጠው መድኃኒት እጇን ያንቀጠቅጣታል። የጎረቤታቸው ልጅ የምትወስደው ሌላ ነው፤ እጇም አይንቀጠቀጥም። «ለመሆኑ የቱ ይሻላል?» ብለው ጠይቀዋት ነበር። ሲስተር ዘርፌ ይህን ጥያቄ ሰምታ ሰምታ ደክሟታል።

«ገበሬ ነበረ። መሬቱ ተዳፋት ነው። ክረምት ሲገባ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ይወስድበታል፤ በጋ ላይ ደግሞ የቀረው ጭንጫ እርጥበት አይዝም፣ ሁሉም ይደርቃል። በሁለቱም ወራት የሚራቡት ልጆቹ ናቸው። በኋላ አገሬው በደቦ ወጥቶ የድንጋይ እርከን ሠራለት። ጎርፉ ቆመ፣ አፈሩ ረጋ፣ ገብሱም አማረበት።

«ግን እርከኑ ውስጥ አይጥ ገባ። ሰውየው በየማለዳው አይጥ የቆረጠመውን ዛላ እያነሳ ይንገበገባል። ጎርፉንማ ረስቶታል። ማዶ ያለውን ጎረቤቱን ሲያይ፣ የእሱ እርከን ሣር ነው፤ አይጥ የለው፣ ሣሩንም እያጨደ ለከብቱ ይሰጣል። የጎረቤቱ መሬት ለጥ ያለ መሆኑን ግን ልብ አላለም።

«አንድ ቀን ቆርጦ ተነሳና ድንጋዩን አፈረሰው። ሚስቱ ‹ኧረ አንተ ሰው፣ ሣሩን ሳትተክል?› ብትለው፣ ‹ከችግኝ ጣቢያ አመጣ የለም እንዴ!› አላት። ቢሄድ ‹ገና አልደረሰም፣ ሌላ ጊዜ ና› አሉት። ተመላልሶ ጥቂት አገኘና ተከለ። ሣር ደግሞ በአንድ ጀምበር ሥር አይሰድም፤ ዝናቡ ቀደመው። አፋፉ ላይ ቆሞ አፈሩ ወንዝ ሲገባ አየ። አይጥ የለም፤ ገብስም የለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።»

ወደ ጋሽ ጥጋቡ ዞር አለች።

«መሬቱ ልጅዎ ናት፣ ጋሽ ጥጋቡ። የእጇ መንቀጥቀጥ አይጡ ነው። ያስመርራል፣ አልዋሽዎትም። ለሐኪሙ ይንገሩት፤ መጠኑን ያስተካክል ይሆናል፣ ወይም ይቀይርላት ይሆናል። ሣሩም፣ የጎረቤትዎ ልጅ መድኃኒት፣ ደህና እርከን ነው፣ ስንቱን አቁሟል። ግን የቱ እንደሚሻል የሚታወቀው መሬቱ ታይቶ ነው፤ ችግኙም ሳይቋረጥ መገኘቱ ተጠይቆ። አዲሱ ሥር ሳይሰድ አሮጌውን በራስዎ እጅ አያፍርሱ።»



«ያፈረሰስ ሰው?» አሉ ጋሽ ጥጋቡ መሬት መሬቱን እያዩ። «እጇን ሳይ አንጀቴ አልችል አለና፣ ከሰንበት ወዲህ አልሰጠኋትም። ደህና ናት ብዬ እኮ ነው። ትናንት ግን እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አልዞረም፤ ስትዘፍን አደረች።»

ሲስተር ዘርፌ ጉልበቷን ደግፋ ተነሳች።

«እንግዲያው ደመናው መጥቷል። ይነሱ፣ ሐኪሙ ሳይወጣ እንግባ። ድንጋዩ ገና እዚያው ወድቋል፤ ዝናቡ ሳይቀድመን መልሰን እንካበው።»