ከአጥሩ ወዲያ የቀረ ድምፅ

አንድ ጊዜ አንበሳ «የዱሩም የቤቱም ልጅ አብሮ ይማር» ብሎ አዋጅ አስነገረ። ከወንዙ ማዶ ትምህርት ቤት ታጠረ፤ ቀበሮም አስተማሪ ሆነ። ልጆቹ እስከ ክረምት እዚያው ያድሩ ነበር።

እመት አህያ አንድ ውርንጭላዋን አስገባች። ድሮ እሷ ከሜዳ ስታናፋ እሱ ከደጅ ይመልስላት ነበር። አሁን ታናፋለች፤ ዝም። ናፍቆቱ ቢብስባት ሄዳ በሩን አንኳኳች።

«የኔታ፣ የልጄ ድምፅ ምን ሆነ?»

ቀበሮ በበሩ ስንጥቅ መለሰላት። «ማናፋት ነውር ነው ብዬ አስተውኩት። ወላጅ ደግሞ ከዚህ አያልፍም። ከአጥር ውጭ ያንቺ ነው፣ ከአጥር ውስጥ የእኔ።»

«ልጁ ግን አንድ ነው፣ የኔታ። ትምህርቱን ጠልቼ አይደለም። ምን እንደሚማር ልወቅ፣ ድምፁንም ልስማ ነው ያልኩት።»

ጅብ ከኋላዋ ብቅ አለ። «እውነቷን ነው። የወላጅ መብት ይከበር፣ በሩ ይከፈት።»

«አያ ጅቦ፣ አንተ እዚህ ልጅ አለህ?»

«የለኝም። የሌላው ልጅ ግን ሲናፍቀኝ ውሎ ሲናፍቀኝ ያድራል።»

«አየሽ?» አላት ቀበሮ። «ላንቺ ከከፈትኩ ለእሱም መክፈቴ ነው።» ስንጥቁንም በቅጠል ወተፈው።

እመት አህያ ተመልሳ ወንዙ ዳር ቆመች። ሣሩ አልጣማትም። ጆሮዋን ወደ አጥሩ አቅንታ ዋለች፤ በማግስቱም እንዲሁ።

ጅብ ግን መላ አገኘ። ድሮ ከበላት አህያ የተረፈ ቆዳ ለብሶ፣ ድምፁን አቅጥኖ፣ ረፋድ ላይ በሩን አንኳኳ።

«የውርንጭላው እናት ነኝ። አያቱ ታማ ትጠራዋለች።»

«የቱ ነው ልጅሽ?»

«ወፍራሙ።»

ቀበሮ ብልጥ ነው። ነገር ግን እናቲቱን በስንጥቅ ካልሆነ አይቷት አያውቅም፤ ቆዳው ደግሞ የአህያ ነው። ውርንጭላውን ጠርቶ በሩን ከፈተ።

ውርንጭላው «እናቴ መጣች» ብሎ ሮጠ። ደረሰ፣ አሸተተ፣ ቆመ። የእናቱ ጠረን አይደለም። ነውር የተባለውን ሁሉ ረስቶ ባለ በሌለ ጉሮሮው አናፋ።

እመት አህያ ሰማች። ወንዙን እንዴት እንደተሻገረች እሷም አታውቀውም። ጅብ ዞር ከማለቱ የኋላ እግሯ ግንባሩ ላይ አረፈ። ቆዳውን ጥሎ ፈረጠጠ።

እናትና ልጅ አንገት ላንገት ተደጋግፈው ቆሙ። ቀበሮ መሬት መሬት እያየ «ለካ ያስተውኩት ድምፅ እናቱን የሚጠራበት ነው» አለ።

«እኔ ያላወቅሁትን ያስተምሩልኝ፣ የኔታ» አለችው። «ብቻ ስጣራ ይመልስልኝ።»

ከዚያ ወዲያ ቀበሮ እናት አባቱን ሁሉ በሩን ከፍቶ በመልክ አወቀ። አመሻሽ ላይም ከወንዙ ዳር አንድ ድምፅ ይጣራል፤ ከአጥሩ ወዲያ አንድ ድምፅ ይመልሳል።

ከዚህ የምንማረው፣ ወላጅን ከደጅ የመለሰ አስተማሪ፣ ጅብ «እናት ነኝ» ብሎ ሲመጣ የሚለይበት ዓይን እንደማይኖረው ነው።