አህያ እንዳትስቅ የተከለከለችበት ጨዋታ

ተረት ተረት! ጮክ ብላችሁ «የላም በረት» በሉኝ፤ የዛሬው ተረት በሹክሹክታ የሚመለስ አይደለም።

ድሮ፣ ዕቃና እንስሳ አብረው በሚያወጉበት ዘመን፣ ማሲንቆ ራሱ አዝማሪ ነበረ። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዋርካው ሥር ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰብና ማሲንቆ «የጅብ ሰርግ»ን እየዘፈነ ያጫውታል። ሥጋ አልወድም ብሎ ዋሽቶ ስለሚያገባ ጅብ የሚቀርብ ጨዋታ ነው፤ ፍየል ጋቢ ለብሶ ሙሽራውን ይሆናል። ሁሉም ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ግን ከሙሽራው ጋቢ ሥር አጥንት ዱብ ሲል አሁንም ሆዱን ይዞ ይስቃል።

ከሁሉም አብልጣ የምትስቀው አህያ ነበረች። ማሲንቆን፣ መቀመጫውን፣ የውሃውን እንስራ ተሸክማ የምታመጣውም እሷው ናት። ሳምንቱን ሙሉ የምትናፍቀው ያችን ሳቅ ነው።

አንድ ቀን ዝንጀሮ ዋርካውን ዙሪያውን አጠረና ውሻን በር ላይ አቆመ። «ጮክ ብሎ የሚስቅ ይውጣ! እኛ ጨዋ ጎረቤቶች ነን» አለ። ማን ሾመህ ያለው የለም!

በመጀመሪያው እሑድ አህያ ስትስቅ «ቀስ በይ» አላት። በሁለተኛው «ጥግ ሂጂ» አላት፤ ሄደች። በሦስተኛው ገና ጭነቷን ከማራገፏ፣ «ውጭ ጠብቂ፤ ሲያልቅ ዕቃውን ትመልሻለሽ» አላት።

«አያ ዝንጀሮ፣ እንስራው በማን ጀርባ መጣ?»

«ባንቺ።»

«መቀመጫህስ?»

«ባንቺ።»

«ታዲያ ጨዋታው የማን ነው?»

«የጨዋዎች!» አለና ውሻውን ጠቀሰው።

ውሻም አህያን አስወጣት። ከአጥሩ ውጭ ቆማ «ተቀበል!» አለች። አዝማሪ ደግሞ «ተቀበል» ከተባለ የተሰጠውን ግጥም ሳይዘፍን አያልፍም፤ ወጉ ነው።

«ጭነቱን ሳመጣ ጎረቤቴ ያሉኝ፣
ሳቄን የሰሙ ለት ባዕድ አደረጉኝ።»

ማሲንቆ ዘፈነው። ዝንጀሮ «ዝም በል!» ብሎ ጮኸ። «ግጥም አማርጦ መቀበል በእኔ ቤት ነውር ነው» አለ ማሲንቆ፤ ደገመው። ጎረቤቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ሦስት እሑድ ሙሉ ትንፍሽ አላሉማ!

ፍየል ከነጋቢው ተነሣ፤ ማሲንቆን አንሥቶ ራሱ ተሸከመው። ሌሎቹም መቀመጫቸውን ራሳቸው ይዘው አህያን ተከተሉ፤ ጨዋታውም ሜዳው ላይ ቀጠለ።

ዝንጀሮ ከአጥሩና ከውሻው ጋር ቀረ። ከሜዳው አህያ በሳቅ ስታናፋ ሲሰማ አጥንቱ መውደቁን ዐወቀ። አፉን ያዘ፤ አልቻለም። ከት ብሎ ሳቀ።

ውሻ ትእዛዙን አልረሳም። «ጮክ ብሎ የሚስቅ ይውጣ!» ብሎ ጌታውን ከገዛ አጥሩ አባረረው።

ስትሸከምላችሁ ጎረቤት ያላችኋትን ስትስቅም ጎረቤት በሏት። ተረቴን መልሱልኝ፤ አፋችሁን ግን እንዳትይዙ።