«ሳተላይቷ ደህና ናት»

አንድ ሰው ነበረ። አስካለ ልጄ፣ ይህን ሰው ማንሳት አልወድም፤ ጥያቄሽ ግን እሱን አስታወሰኝ። አዋላጅ ነርስ ነሽ። በጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል ስድስት ነበራችሁ፤ አሁን አንቺና አንዲት ባልደረባሽ ብቻ ቀርታችኋል። «ጥርሴን ነክሼ ልቻለው ወይስ ልናገር?» ብለሽኛል። እንግዲያስ ቁጭ በዪና ስሚ።

ሰውየው የሳተላይት ጠባቂ ነበረ። ሳተላይቷ ወደ ሰማይ የተላከችው ኮከብ እንድታይ ነው። ኮከብማ እኛም እናያለን ትዪኝ ይሆናል። ነገር ግን ከኮከብ ከሚወጣው ብርሃን አልትራቫዮሌት የሚሉት ለዓይናችን አይታይም፤ አየሩም አብዛኛውን ውጦ ያስቀረዋል። እሷ ከአየሩ በላይ ርቃ ያንን ብርሃን ትለቅም ነበር። ሰውየው ደግሞ ኮረብታ ላይ ባለ ጣቢያ ተቀምጦ «ወደዚህ ዙሪ፣ እዚያ ላይ ቁሚ» እያለ ያዛት ነበር። ከየአገሩ የሚመጡ ተመራማሪዎች ማየት የሚፈልጉትን ኮከብ በወረቀት ጽፈው ይዘው ይመጣሉ፤ አጠገቡ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፤ እሱ ያዞራታል፣ እነሱ ያያሉ። ወረፋ ለማግኘት ወራት መጠበቅ ነበረባቸው።

የሠሯት ሰዎች ሦስት ዓመት ትሥራልን ብለው ነበር የላኳት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠራች።

እንዴት መሰለሽ? አቅጣጫዋን የምታውቀው በሆዷ ውስጥ በሚሽከረከሩ ስድስት መሣሪያዎች ነበር፤ ጋይሮ ይሏቸዋል። ሦስቱ ይበቋታል፣ ሦስቱ መጠባበቂያ ናቸው። በሁለተኛው ዓመት አንዱ ቆመ። ሰውየው ደነገጠ፤ ወዲያው ግን በመጠባበቂያው ተካው።

በየሳምንቱ መጨረሻ ለዋናው መሥሪያ ቤት ሪፖርት ይልካል። የሪፖርቱ የመጀመሪያ ጥያቄ «ሳተላይቷ በምን ሁኔታ ላይ ናት?» ይላል። ሰውየው ያደገው እንደ እኛው ነው። እኛ ደግሞ እንዴት ነህ ስንባል፣ ራሳችን ሊፈነዳ ቢደርስ፣ ቤታችን ለቅሶ ላይ ቢሆን፣ አስቀድመን የምንለውን ታውቂዋለሽ። እሱም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት» ብሎ ጻፈ። ጋይሮው መቆሙን ከታች በአንዲት መስመር ጠቀሰ። አለቆቹ የመጀመሪያዋን መስመር አንብበው ወረቀቱን የሚያጥፉ ሰዎች ነበሩ።

ሁለተኛውም ቆመ፣ ሦስተኛውም ቆመ። ደህና ናት። አራተኛው ሲቆም ግን ሁለት ብቻ ቀሩ፤ በሁለት ጋይሮ መሥራት እንደማይቻል የሠሯት ሰዎች በመመሪያው ላይ ጽፈዋል። ሰውየው መመሪያውን ዘጋና ከአንዲት መሐንዲስ ባልደረባው ጋር ሁለት ወር ሙሉ ተቀመጠ። ፀሐይን በሦስተኛው ጋይሮ ቦታ አስገቡላት። የፀሐይን አቅጣጫ በአንዲት ትንሽ መመልከቻ እየለካች፣ ከሁለቱ ጋይሮዎች ጋር አዳምራ የት እንዳለች እንድታውቅ አስተማሯት። እያነከሰችም ቢሆን ሠራች። በእነዚያ ሁለት ወራት ሰውየው ስምንት ኪሎ ቀነሰ። በሪፖርቱ ላይ ግን ኪሎውም ድካሙም አልነበረም፤ ደህና ናት ይላል።

መሥሪያ ቤቱም ደህና ከሆነች ይህ ሁሉ ሰው ምን ይሠራል አለ። ጣቢያው ላይ ሠላሳ ሰው ነበረ፤ አሥራ ሁለት ቀረ። መሐንዲሷ ዕቃዋን በካርቶን ሰብስባ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ እንዲህ አለችው፤

«እባክህ ችለህ አታሳያቸው። እንደተቸገርክ ንገራቸው እንጂ።»

«ብነግራቸው ይዘጓታል» አላት።

«ካልነገርካቸውም ይዘጓታል። ያኔ ግን የሚያዝንላት ሰው አይኖርም።»

ሰውየው ካርቶኑን ተሸክሞ እስከ መኪናው ሸኛት። ፍርሃቱ እውነት ነበር፤ በዚህ አልፈርድበትም። ኩራትም ግን ነበረበት፤ አልዋሽሽም። ሌላው የማይችለውን እኔ እችላለሁ የሚል፣ ማንም የማያይለት ኩራት። እንዲህ ዓይነቱን ኩራት አንቺም ታውቂዋለሽ፤ እንዲያ አትመልከቺኝ።

በአሥረኛው ዓመት አንድ ኮከብ ፈነዳ። ወሬው የደረሰው ጠዋት ነው፤ ሰውየው አመሻሽ ላይ አዙሯት እያየች ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ከእሷ ቀድሞ በዚያ ብርሃን ያየ አልነበረም። ጋዜጦች አወሩ፣ አለቆቹ ፎቶ ተነሡ። ስትዞር ሚዛኗን ስታ ለግማሽ ቀን እንደተንከራተተች፣ ባትሪዋም ሊያልቅ ትንሽ እንደቀረው ግን የሚያውቀው ሰውየው ብቻ ነበር። መልሶ እስኪይዛት ድረስ ሸሚዙ ላብ በላብ ሆነ። የዚያን ሳምንት ምን ብሎ እንደጻፈ ልነግርሽ አያስፈልግም።

ከአሥራ ሁለቱ ሰዎች አራት ቀሩ። አምስተኛው ጋይሮ ቆመ። በአንድ ጋይሮ፣ በፀሐይና በሰውየው ጭንቅላት መዞር ጀመረች። እንዴት እንደሚያዞራት በየትኛውም ወረቀት ላይ አልተጻፈም፤ የሚጽፍበት ጊዜ አልነበረውም። በነዳጇም ይሰስት ነበር። ከአንዱ ኮከብ ወደ ሌላው የሚወስደውን አጭሩን መንገድ እየፈለገ፣ ጠብታ በጠብታ ያጠራቅምላት ነበር። ገና ብዙ ዓመት ትኖራለች ብሎ ነው።

ከዚያ አዲስ አለቃ መጣ። ጣቢያውን ገና ላልተሠራች ሌላ ሳተላይት ፈለገው። ሰውየውን አስጠራና የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱን ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ ከምሮ ጠበቀው።

ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ሞልቶ ተናገረ። «ሁለት ሰው ይጨመርልኝ» አለ። «አንድ ጋይሮ ብቻ ነው የቀራት። በአንዱም ታያለች፣ ግን እኔ ብታመም የሚያዞራት የለም። ሁለት ሰው ላሠልጥን። ነዳጅ ለአሥር ዓመት አላት።»

አለቃው ከልቡ ደነገጠ። «አንድ ብቻ? ከመቼ ጀምሮ?»

«አምስት ዓመት አልፎታል።»

አለቃው ከክምሩ አንዱን ሳበ፣ ሌላም ሳበ። «እዚህ ደህና ናት ይላል። እዚህም እንደዚሁ። በሠላሳ ሰው ደህና፣ በአራት ሰውም ደህና።» ወረቀቶቹን አስቀመጠ። «ወንድሜ፣ ደህና ከሆነች ሰው የምጨምርልህ ለምንድን ነው? ታማ ከሆነች ደግሞ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ምን እናስታምማለን?»

አለቃው ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ታሪኩን ለመንገር ይቀለኝ ነበር፤ ክፉ አልነበረም። የጠቀሰበት የሰውየውን የገዛ ጽሕፈት ነው።

እንድትዘጋ ተወሰነ። ነዳጇ ይፈሳል፣ ባትሪዋ ይሟጠጣል፣ በመጨረሻም ሌሎችን እንዳታውክ ራዲዮዋ ይጠፋል። ይህን ማን ያድርገው? ከሱ በቀር አያያዟን የሚያውቅ ስላልነበረ እሱ ራሱ ታዘዘ።

መሥሪያ ቤቱ ነዳጁ በአንድ ጠዋት ያልቃል ብሎ አስቦ ነበር። ሦስት ቀን ፈጀ። ያ ሁሉ ዓመት ሲሰስትላት የኖረውን ነዳጅ ቁጭ ብሎ ሲያስፈስስ ዋለ። ወረፋ የሚጠብቁት ተመራማሪዎች ወረቀት አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ በላይኛው ላይ የሰባት ኮከብ ስም ተጽፏል። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ራዲዮዋን እንድታጠፋ አዘዛት። በአንድ ጊዜ ታዘዘች። መታዘዝን ያስተማራት እሱ ነው።

ከዚያ የመዝጊያ ሪፖርት ጻፈ፤ አራት ገጽ። ጋይሮዎቹ መቼ መቼ እንደቆሙ፣ ሰው ሲቀነስ ምን እንደጎደለ፣ ኮከቡ በፈነዳ ቀን ልትጠፋ እንደነበር፣ ለመቆየት ምን ያስፈልጋት እንደነበር፣ ሁሉንም ጻፈ። አለቃው በዚህ ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበው። አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

«ይህን ቀደም ብዬ ይዤ ቢሆን ኖሮ» አለ፣ «ከበላዮቼ ጋር የምከራከርበት ነገር ነበረኝ። ሰውም አላጣም ነበር። ምነው ያኔ ብትጽፈው?»

ሰውየው ከዚያ ክፍል እንዴት እንደወጣ አያስታውሰውም። ጡረታ ወጣ። ሰዎች መንገድ ላይ እንዴት ነህ ሲሉት ቆም ብሎ ያስባል እንጂ ቶሎ አይመልስም። ሰላምታ የማይወድ ሽማግሌ ይሉታል።

አስካለ፣ አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ባለፈው ሳምንት ከወረዳው መጥተው ክፍሉን ሲጎበኙ እንዴት ናችሁ ብለው ጠይቀዋችኋል። ምን አልሻቸው?

«መምህር… ደህና ነን ነው ያልኳቸው» አልሽ። አዎ። ሁለት ሆናችሁ የስድስት ሰው ሥራ ስትሠሩ፣ አንዲት እናት ወልዳ ደም ሲፈሳት ብቻሽን ስትሯሯጪ፣ ደህና ነን። ልጄ፣ ሰውየው አንቺ ነሽ። ችግሩን ችለሽ ስትሸፍኚው የሚያዩት ችግሩን አይደለም፤ ሁለት ሰው እንደሚበቃ ነው። እኔ ከቻልኩ ክፍሉ አይዘጋም ትያለሽ። እሱም እንዲያ ነበር የሚለው። አንድ ቀን ልናገር ስትዪ በገዛ ቃልሽ ይመልሱልሻል። ልዩነታችሁ አንድ ነው። የሱ ስህተት የወሰደው ሕይወት የሌላትን ብረት ነው፤ ያንቺ ግን የሚወስደው በአልጋው ላይ የምትተኛዋን ሴት ነው።

አሁን ቤትሽ አትሂጂ። ወረቀት ያው፣ እስክሪብቶም ያው። አራቱን ገጽ እዚሁ ተቀምጠሽ ጻፊው፤ ማዋለጃ ክፍላችሁ ገና ክፍት ነው።