አልተነፍስም ያለው ጎማ

«አልተነፍስም አልኩ እኮ፣ እመት ግመል! ስንቴ ልናገር?»

«አያ ጎማ፣ እኔም ደከመኝ። ትንሽ ብቻ ንፋስ ልቀቅ።»

«አልለቅም!»

እንዲህ ሲጨቃጨቁ ፀሐይዋ አናት ላይ ደረሰች። ይህ የሆነው፣ ልጆች፣ ጎማ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን ነው። ያዮ የሚባል ሾፌር ጉድጓዱ ወደደረቀበት መንደር ሦስት በርሜል ውሃ ጭኖ ሲሄድ ፒካፑ አሸዋ ያዘው። አንዱ በርሜል ለሰዎች፣ አንዱ ለፍየሎች፣ አንዱ ለግመሎች ነበር። እመት ግመል ግልገሏ መንደሩ ውስጥ በጥም መነሣት አቅቶት ስለተኛባት ውሃውን ልትቀበል መንገድ ወጥታለች።

«ጎሚስታው ዛሬ ጠዋት በመዶሻ መታ መታ አደረገኝና ‹ድንጋይ ሆኗል፣ የትም ይሄዳል› ብሏል» አለ የኋላው ጎማ። «ያንቺን እግር ማን ያደንቃል? ሲረግጡበት እንደ ሊጥ ይዘረጋል!»

«ስለሚዘረጋ ነው የማልሰምጠው። ጎሚስታው የሚያውቀው አስፋልት ነው። ሁሉንም ልቀቅ አላልኩህም፤ ሁሉንም ከለቀቅህ ከቸርኬህ ትወልቃለህ። ሰፋ ብለህ መሬቱን እስክትይዝ ብቻ። ድንጋያማው መንገድ ጋ ስትደርስ ያዮ በፓምፕ ይሞላሃል።»

«አልለቅም!»

ያዮ ቫልቩን ሊከፍት ሞከረ። ጎማው ጥርቅም አድርጎ ያዘው።

ያዮ ሞተሩን አስነሳ። ጎማው ዞረ፣ ዞረ፣ ሰመጠ።

«ና፣ ግባ» አለው አሸዋው እያዛጋ።

ያዮ ቅርንጫፍ ቆርጦ አነጠፈለት። ጎማው ዞረ፣ ዞረ፣ አንድ ክንድ ሄዶ እስከ ቸርኬው ሰመጠ።

«ና፣ ግባ» አለው አሸዋው።

«አሁንስ ልቀቅ፣ አያ ጎማ።» የግመሏ ድምፅ ቀጥኖ ነበር።

«ጭነቱ ነው የከበደኝ። ጭነቱ ይቅለልልኝ!»

ያዮ ሙሉ በርሜል ብቻውን አውርዶ መልሶ መጫን አይችልም። የሰዎቹን በርሜል አየ፤ አለፈው። የፍየሎቹን አየ፤ አለፈው። የግመሎቹን ከፈተና አፈሰሰው። አሸዋው በአንድ ትንፋሽ ጠጣው።

ጎማው ዞረ፣ ዞረ፣ አሁንም ሰመጠ።

ያን ጊዜ እርጥቡን አሸዋ አየ። ማንም ሳይጠይቀው ቫልቩን ለቀቀ። ፊሽሽሽ... ሦስቱ ወንድሞቹም እሱን አይተው ለቀቁ። ሰፋ አሉ፣ መሬቱን ያዙ። ያዮ ቀስ አድርጎ ነዳ፤ መኪናዋ እንደ ቀልድ ወጣች።

አያችሁ ልጆች፣ አስፋልት ላይ ያስመሰገነ ጥንካሬ አሸዋ ላይ ይቀብራል። ንፋስም የሚለቀቀው ውሃው ሳይፈስ ነው።

«እመት ግመል!» ብሎ ተጣራ ጎማው። «ይኸው ለቀቅሁ። ልክ ነበርሽ። በይ ምሪን፣ ግልገልሽ ጋ አብረን እንሂድ። ፍየሎቹን ትንሽ እንለምንልሻለን።»

ግመሏ ባዶውን በርሜል አየች። ከዚያ ጀርባዋን ለመንደሩ ሰጠችና፣ ለግልገሏ ውሃ ፍለጋ፣ የአንድ ቀን መንገድ ወደሚርቀው ኩሬ መራመድ ጀመረች።