የፊታውራሪ የበረዶ ሣጥን

ጠጋ በሉማ ልጆቼ። የጣና ዳሩ ጌታ ፊታውራሪ ወንድይራድ ለዓሣ ማቆያ የበረዶ ሣጥን ገዙና፣ በጀልባቸው ኋላ መደርደሪያ እንዲሠራለት አንድ አናጢ አስጠሩ። አናጢውም ከመደርደሪያው ሥር ሁለት ወፋፍራም የእንጨት ድጋፎች አቆመ።

ፊታውራሪ ሊያዩ መጡ፤ ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ብብታቸውን ይዘው እየደገፏቸው። እግራቸው እኮ ደኅና ነበር፤ የጌታ ወግ ሆኖ ነው እንጂ።

«እነዚህ ግንዶች የጀልባዬን መልክ አበላሹት» አሉ። «እንደ ጣት አቅጥናቸው። ሣጥኑ ቢወድቅ ግን ወህኒ ትወርዳለህ!»

አናጢው እጅ ነሣ። «እሺ ጌታዬ። አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ። እርስዎ በደረቅ መሬት ሲሄዱ ሁለት ጎረምሳ ይደግፍዎታል። ሣጥኑ በማዕበል ላይ እንዴት በሁለት ጣት ይቁም?»

ፊታውራሪ ወደ ግራ አዩ፤ ወደ ቀኝ አዩ። ከዚያ «ተወው፣ እንዳለ ይሁን» አሉና፣ ተደግፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ።