አምባ ላይ የተሠራው ጎተራ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ የኔታ፣ ጥያቄውን እንደሰሙ ፊታቸው ጠቁሮ።

ጠያቂው የቀድሞ ተማሪያቸው ነው፤ ዛሬ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆኗል። «የኔታ፣ ለአካል ጉዳተኞች የያዝነው በጀት ዘንድሮም ሳይነካ ተመላሽ ሆነ። መጥቶ የሚጠይቅ ከሌለ ለከርሞ ብንሰርዘው ምን ነውር አለው?» ነበር ያላቸው። የኔታም እንዲህ ብለው ነገሩት።

አንድ ሰው ነበረ፤ ሀብታም ነው። እህሉን ከሌባ ለማዳን ብሎ ጎተራውን አምባ ላይ ሠራ። አምባው ዙሪያውን ገደል ነው፤ መውጫው ከላይ የተንጠለጠለ ጠፍር ብቻ። ጤነኛ ሰው ጠፍሩን በእጁ ይዞ፣ ገደሉን በእግሩ እየረገጠ ይወጣል።

ክፉ ዘመን መጣና አገሩ ተራበ። ሀብታሙ በገበያ ቀን አዋጅ አስነገረ። «እግራቸው ለማይሠራ ሁሉ ከጎተራዬ እህል መድቤአለሁ። ነገር ግን አጭበርባሪ እንዳይበዛ፣ ተቀባዩ ራሱ ጎተራው ድረስ በአካል ይምጣ» አለ። ገበያው እልል አለለት፤ ቄሱም መረቁት። ከአምባው ሥር የተቀመጡት ሽባዎች ግን ወደ ላይ አንጋጠው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ተባባሉ።

ማንም አልወጣም። ሀብታሙ ታዲያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እግዚአብሔር ይመስገን፤ በአገሬ ሽባ የለም ማለት ነው» አለ! በተመደበው እህልም ለአሽከሮቹና ለእንግዶቹ እዚያው አምባ ላይ ድግስ ሊደግስ ቀን ቆረጠ። እኔን የሚያንገበግበኝ ምስጋናው ነው።

በዚያ አገር አንዲት ጥጥ ፈታይ ነበረች። ከወገቧ በታች አይታዘዝላትም፤ በእጇ እየተሳበች ነው የምትሄደው። ልጇ ከረሃብ ብዛት ማልቀስ ሲያቅተው ፈራች። ጎረቤቷ «እኔ ልውጣልሽ» ብትላትም አዋጁ አይፈቅድም። ስለዚህ ልጁን ለጎረቤቷ አሳዝላ ወደ አምባው ተሳበች። ጠፍሩን ያዘችና፣ ገደሉ ጉልበቷን እየላጠው፣ በክንዷ ብቻ ወጣች።

ጎተራ ጠባቂው አያትና «ምን ፈለግሽ?» አላት።

«ለሽባ የተመደበውን።»

«ጠፍር ወጥተሽ ሽባ ነኝ ትያለሽ? ደግሞ አታፍሪም!» ብሎ ጮኸባት።

ያልወጣው ስላልወጣ ተከለከለ፤ የወጣችው ደግሞ ስለወጣች ተከለከለች። እንዲህ ያለ ፍርድ ምን ይባላል?

በዚህ መሐል ከሥር እምቢልታ ተነፋ። ሀብታሙ እንግዶቹን አስከትሎ ለድግሱ መጥቷል። ጠባቂው ጌታውን እጅ ሊነሳ በጠፍሩ ተንደርድሮ ወረደ። ሴትዮዋ ብቻዋን ቀረች። ያን ጊዜ ጠፍሩን ስባ ወደ ላይ ጠቀለለችው።

«ጠፍሩን ጣይ!» አለ ሀብታሙ።

«ጌታዬ፣ ድግሱ እዚህ ነው። በአካል መጥተው ይብሉ።»

«ያለ ጠፍር እንዴት ተደርጎ ይወጣል?»

«እኔን ነው የሚጠይቁኝ?» አለችው።

አሽከሮቹ ገደሉን ቧጠጡት፤ አልሆነላቸውም። ያን ቀን ባለ እግሩም ባለ ፈረሱም ከአምባው ሥር ሽባ ሆኖ ዋለ። እሷ ግን እህል የሞላውን አቁማዳ አንድ በአንድ እየጎተተች ከአፋፉ ወደ ታች ለቀቀችው። የመጀመሪያውን አቁማዳ፣ ልጇን ያዘለችው ጎረቤቷ ወሰደች፤ የቀረውን ሽባዎቹ ተካፈሉት። ሀብታሙ በሰው ሁሉ ፊት «ጎተራው ይወርዳል» ብሎ እስኪምል ድረስ ጠፍሩን አልጣለችም።

የኔታ እዚህ ላይ ቆም አሉና ወደ ኃላፊው ዞሩ።

«ሀብታሙ አንተ ነህ» አሉት። «ቢሮህ የት ነው?»

«ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ የኔታ።»

«መውጫውስ?»

«ደረጃ ነው።»

«በሰው ጀርባ ታዝሎ የመጣውንስ ‹ማስረጃህን አሟልተህ ተመለስ› አትሉትም?»

«እንለዋለን፣ የኔታ።»

«እንግዲያው ‹ጠያቂ የለም› ብለህ አትዋሽ። ጠያቂውማ ደረጃው ሥር ተቀምጧል። ለመሆኑ ምድር ቤቱን ምን አደረጋችሁት?»

«የመኪናዬ ማቆሚያ ነው። መኪና ደረጃ አይወጣም እኮ፣ የኔታ።»

«ጎሽ!» አሉ የኔታ። «ለመኪናህ አውቀህለታል። አሁን ተነሥና ሂድ፤ ለሰውም እወቅለት።»